ለዕቃ የተተከለው ድንኳን

ልጁን ቀብሮ ሠልስቱ እንዳለፈ ግንበኛ የጠራ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭሮ አይታለች። የሰው አፍ መቼ ያርፋልና ብዙ ተባለ። «አይ መምህር ጀምበሩ፣ ለካ ልባቸው ድንጋይ ኖሯል» ያሉ ነበሩ። «ሐዘን አናታቸው ላይ ወጥቶ ነው፣ ተዉአቸው» ያሉም ነበሩ። ገበያ ላይ ሲሚንቶ በባጃጅ አስጭኖ ሲወጣ ያዩት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ለሐዘን ይሁን ለትዝብት እነሱ ያውቃሉ። እውነቱን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ከማለፍ በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እነሱ በሆዳቸው አፍነው የያዙትን ነው ዛሬ የማወራችሁ።

ጀምበሩ ከመንዝ ተመድቦ ወደ ሐረርጌ የመጣው ገና ጢሙን ሳያበቅል፣ ጭሮ አሰበ ተፈሪ ስትባል ነው። «አንድ ዓመት አስተምሬ እቀየራለሁ» ብሎ የመጣ ሰው እዚያው ሸበተ፣ እዚያው ጡረታ ወጣ። ያስቀረችው እቴነሽ ናት። እሷ የሚኤሶ ልጅ ነች፤ በደጉ ጊዜ አባቷ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ተጋብተው ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ቦታ ሲያገኙ፣ ጀምበሩ ከጎረቤቶቹ ጋር ጭቃውን በእግሩ ረግጦ፣ ጭዱን በእጁ ደባልቆ ሁለት ክፍል ቤት አቆመ። በዚያች ቤት ገሊላና ህሩይ ተወለዱ። ገሊላ ነርስ ሆና ገለምሶ ተመደበች። ህሩይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነ፤ ከሚኤሶ እስከ ቦርደዴ አዲስ ቤት የሠራ ሁሉ መብራት የሚያስገባው በሱ ነበር። ሳቂታ፣ እናቱን በነገር የሚኮረኩር፣ በሁለት ቋንቋ የሚቀልድ ልጅ ነበር። ጎረቤታቸው ሹክሪያ «ይሄ ልጅ ግማሹ የኔ ነው፣ ወላሂ፤ ከጡት በቀር ምን አልሰጠሁትም?» ትል ነበር።

እንግዲህ ደስታ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አብሮ መኖሩ የከበደው ማን ነበረ? እቴነሽ ታመመች። ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ሦስቴ እየቆመች ትንፋሿን መሰብሰብ ጀመረች፤ ቆይቶም እግሯ አበጠ። ምርመራው የልብ ነው አለ፤ የሚዘጋው የልቧ በር አልዘጋ ብሏል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ተባለ። ታናሽ እህቷ አብርሆት አዲስ አበባ ነበረችና ተቀብላ ወረፋ አስያዘችላት። እቴነሽ ከቤቷ የወጣች ቀን ህሩይ መኪናው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ፣ «እማዬ፣ ስትመለሺ አቧራ ያለበት ቤት አትገቢም። ግድግዳውን በብሎኬት፣ ወለሉን ሊሾ፣ ጣሪያውን አዲስ ቆርቆሮ አደርገዋለሁ» አላት። እሷም ልማዷ ነውና አልተቸገረችም፤ «ከጓሮ በኩል አንድ ሰፊ ክፍል ጨምርበት። ሙሽራ የምታስገባበት ይሁን፤ አለዚያ እዚያው አዲስ አበባ እቀራለሁ» አለችው። ሁሉም ሳቁ። እናትና ልጅ ፊት ለፊት የተያዩት ያን ቀን ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

ህሩይ ቃሉን አልበላም። ዓሊዩ የሚባል የመንደራቸውን ግንበኛ አምጥቶ መሠረት አስቆፈረ፤ ግድግዳው ወገብ ድረስ ደረሰ። በዚህ መሀል እቴነሽ ልቧ ተቀዶ ተጠገነ። ጀምበሩ ሰው ሁሉ እያየው ስልኩን እየሳመ አለቀሰ። በሳምንቱ ህሩይ ቆርቆሮ ከሚኤሶ በአንድ የጭነት መኪና አስጭኖ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ጭሮ ሽቅብ ሲመጣ፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ከዳው። ሾፌሩ እግሩን ተሰብሮ ተረፈ። ህሩይ አልተረፈም። ቆርቆሮው አንድም ሳይጎዳ ተለቅሞ በሌላ መኪና ለጀምበሩ ደጁ ድረስ መጣለት። ኧረ ምን ዓይነት ቀን ነው፣ ልጅን ጨርሶ ቆርቆሮን የሚያተርፍ?

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። እናት በሌለችበት ልጅ ሲቀበር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ለቅሶው ምሰሶ ያጣ ነው፣ ሰው ማን ላይ እንደሚያለቅስ ግራ ይገባዋል። ገሊላ ከገለምሶ እንደመጣች ሦስቴ ራሷን ሳተች። ሹክሪያ ደረቷን ስትደቃ ዋለች። ጀምበሩ ግን አብርሆት በስልክ ያለችው አንድ ነገር ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ «ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል ጋሼ። ቁስሏ እስኪጠግግ፣ ልቧ እስኪረጋ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል። ይህን ብትሰማ እዚሁ አልጋዋ ላይ ትቀራለች።» የነፍስ አባታቸው ተጠየቁ፣ የእድሩ ሽማግሎች ተጠየቁ። ሁሉም አንድ ነገር አሉ፤ ይደበቅ፤ ድና ስትመጣ በአገሩ ወግ፣ ንጋት ላይ፣ ካህንና ዘመድ በተሰበሰበበት መርዶዋን ትሰማለች። በአገራችን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ስንቱ ሰው ለዘመዱ ሲል እየሳቀ ዓመት ደብቋል?

ይህን የመከረ ሰው ሁሉ ግን ስልኩን ረስቶት ነበር። ሠልስት በወጣ በማግስቱ እቴነሽ ደወለች፤ በቪዲዮ ነው የደወለችው። ጀምበሩ ጥቁር ኮቱን አውልቆ፣ የአዘቦት ሹራብ ለብሶ፣ ፊቱን ታጥቦ አነሳው። ከስታ፣ ዓይኗ ግን በርቶ፣ «ግድግዳው የት ደረሰ? እስቲ አሳየኝ» አለችው። ካሜራውን አዞረ። ወገብ ላይ የቆመ ግድግዳ፣ ክምር አሸዋ፣ ሰው የለም።

«ምነው ሥራው ቆመ? ህሩይ ታመመ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። ሲሚንቶ አልቆ ነው።»

«ድምፅህ ምነው?»

«ጉንፋን ይዞኝ» አለ።

ስልኩ እንደተዘጋ ጀምበሩ ገባው። ቤቱ ከቆመ እቴነሽ ትጠረጥራለች። ቤቱ ከተሠራ ህሩይ አለ። ልጁን በሕይወት የሚያቆየው ያ ግድግዳ ብቻ ነበር። ያኑ ቀን ዓሊዩ ቤት ሄደና ደጁ ላይ ቆሞ «ነገ ና» አለው። ዓሊዩ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ራሱን ነቀነቀና፣ «እሺ ጋሼ። አላህ ያጥናዎ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ» አለ። እንግዲህ ጭሮ ያማችው ይሄን ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑሮ ኑሮ ካላችሁት፣ ጀምበሩ እንዲህ ኖረ። ልጅ የሞተበት ሰው ጢሙን አይላጭም፤ እሱ ጠዋት ጠዋት ይላጭ ነበር። ልጅ የሞተበት ሰው ደጁን ዘግቶ ይተኛል፤ እሱ ገና ሰማዩ ሳይገላለጥ ውሃ በጀሪካን ያስቀዳል፣ አሸዋ ያስነፋል፣ ለሠራተኞቹ ቁርስ ይገዛል። አቧራው ምግቡ ውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ ጆሮው ውስጥ ነው። ኩሽናው በፈረሰ ጊዜ ሹክሪያ በአጥሩ በኩል ሾርባ ታቀብለው ነበር፤ ድስቱ እንደሞላ ሲመለስላት ምንም ሳትል ትቀበለዋለች። አንድ ቀን ግን አላስቻላትም።

«ጋሼ ጀምበሩ፣ እስቲ ትንሽ ያልቅሱ» አለችው።

«ዓይኔ ያብጣል ሹክሪያ። በቪዲዮ ታየኛለች።»

ሴትየዋ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ገባች፤ የሱን ድርሻ እሷ ስታለቅስለት ዋለች።

ቆርቆሮው ሌላ ጣጣ ነበር። ግቢው ጥግ ተደርድሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ጀምበሩ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞሮ በጓሮ ይሄዳል። ዓሊዩ አየው። አንድ ቀን ጀምበሩ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሲመለስ ያ ቆርቆሮ የለም፤ በቦታው ሌላ፣ ቀለሙ ቡናማ የሆነ ተቀምጧል። «ከነጋዴው ጋር ተነጋግሬ ለወጥኩት» አለ ዓሊዩ ዓይኑን ሳያነሳ። «በዚያኛው ሥር እንቅልፍ አይወስድዎትም ብዬ ነው።» ጀምበሩ የዓሊዩን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

ከሁሉ የከፋው ግን የጓሮው ክፍል ነበር። እቴነሽ አልጋዋ ላይ ሆና በስልክ የምታሠራው እሱን ነው። ግድግዳው ቁመት ሲደርስ «ወደ መስኮቱ አዙረው» አለች። አየችው። «ጠበበ። ሙሽራ እኮ አየር ትፈልጋለች ጀምበሩ፤ አንተ መቼም የእስር ቤት መስኮት ትወዳለህ። አስፋው በለው ዓሊዩን።» ዓሊዩ ጀምበሩን አየው። ጀምበሩ «አስፋው» አለ። የተገነባው ብሎኬት ፈረሰና መስኮቱ ሰፋ። ደግሞ ሌላ ቀን የመብራት ማብሪያው የት እንደሚሆን ጠየቀች፤ «እሱን እንኳ ለህሩይ ተዉለት፣ ሙያው ነው» አለች። ሞቶ የተቀበረ ልጅ ጫጉላ ቤት፣ አባት በገዛ እጁ እያቀበለ ይሠራል! ይህን የሚያህል ቅጣት በየትኛው ኃጢአት ይመጣል? ብሎኬቱን ሲያቀብል ጣቶቹ ተላጡ፣ ሲሚንቶው ቁስሉ ውስጥ ገብቶ አቃጠለው፤ ጓንት አድርግ ቢሉት እምቢ አለ። ማቃጠሉን ሳይወደው አልቀረም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የጀምበሩ ውሸት ግን እያደር ከበደ። «ህሩይስ?» ስትለው፣ ቦርደዴ ወዲያ በረሃ ውስጥ ትልቅ ሥራ ይዞ ነው፣ ኔትወርክ የለም ይላል። መጀመሪያ አመነች። ኔትወርክ እንኳን በረሃ ጭሮም ይጠፋል። ቀናት ሲደራረቡ ግን የእናት ሆድ ሻከረ። ጥርጣሬ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የመጣባት ቂም ነው።

«ለሥራ እንኳ ቢሆን ሳምንት ሳምንት ከተማ አይወጣም? ልቤን ቀደው ሰፍተውኝ 'እማዬ እንዴት ነሽ' የምትል ቃል ይቸግረዋል?»

ጀምበሩ ዝም አለ። ዝም ሲል «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ድምፅዋ ተለወጠ። ደነገጠና ያገኘውን ተናገረ፤ «ልጅ አይደለም እንዴ እቴ። ሥራና ጓደኛ ይዞት ረስቶ ነው። እኔም ተቆጥቼዋለሁ።»

«እንግዲያው አንተም ንገረው። እናትህ አኩርፋሃለች በለው። ቢደውልም አላነሳም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴነሽ የልጇን ስም አላነሳችም። ስለ ሊሾ፣ ስለ በር፣ ስለ ኮርኒስ ትጠይቃለች፤ ስለ ህሩይ አትጠይቅም። ለዘመዶቿ ግን እንደነገረቻቸው ወሬው ይመጣ ነበር፤ «ወልጄ ምን አተረፍኩ፣ ጨካኝ ነው» ማለቷን አብርሆት እያለቀሰች ለገሊላ ነግራታለች። ጀምበሩ ይህን የሰማ ቀን አሸዋው ክምር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ለእናቱ ሲል መኪና ላይ የሞተውን ልጅ፣ ረሳሽ ብሎ ለእናቱ ከሰሰው! መሬቱ ሲከፈት የልጁን ሬሳ ዋጠ፤ ስሙን ደግሞ እሱ በገዛ አፉ ቀበረው። ይህን ለማን ይናገረዋል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ተነሳና ለሠራተኞቹ ውሃ አመጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አርባው በቤተ ክርስቲያን በዝምታ ወጣ፤ ቤቱም ወደ ማለቁ ደረሰ። አብርሆት ደውላ ሐኪሙ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገሯ እንድትሄድ መፍቀዱን ነገረች። ሽማግሎቹ ቀን ቆረጡ። ማታውን ገሊላ ዘንድ እንድታድር፣ ንጋት ላይ የነፍስ አባቷና ዘመዶቿ እንዲሄዱ፣ ሐኪም በአጠገብ እንዲኖር ሁሉ ነገር ተዘጋጀ። የቀረው አሮጌውን ጣሪያ አንስቶ አዲሱን መምታት ብቻ ነበር። ዓሊዩ አሮጌውን ቆርቆሮ ሊያነሳ ሲል ሰማዩ በአሰቦት በኩል ጠቆረ። ቤት ውስጥ ያለው አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሶፋው የት ይግባ? ጀምበሩ ራሱ እድሩ ዘንድ ሄዶ ድንኳኑን ለመነ። ዕቃ ጠባቂው «ለለቅሶ ነው?» ብሎ ደነገጠ። «ለዕቃ ነው» አለ ጀምበሩ። ድንኳኑ ከደጁ ፊት ለፊት ተተከለ፤ ዕቃው ሁሉ ገባበት። ሰው ያስባል እግዚአብሔር ይፈጽማል። ያን ድንኳን ለዕቃ ያለው ሰው፣ ድንኳን ደጅ ላይ ሲያይ ሰው ምን እንደሚያስብ እንዴት ረሳው? በዚያ ቤት ሐዘን የዕለት እንጀራ ሆኖ ስለከረመ ይሆናል።

አዲስ አበባ ደግሞ እቴነሽ አልጋው ሰለቻት። ሐኪሙ ከፈቀደ ሳምንቱን መጠበቅ ለምኔ አለች። «ሳይጠብቁኝ እገባለሁ፤ ቤቱን ሲሯሯጡ ልያቸው» ብላ እህቷን አስነሳቻት። አብርሆት ለመነች፣ አመመኝ አለች፣ መኪና ጠፋ አለች፤ በጄ የሚል ጠፋ። መንገድ ላይ ሆና ወደ ጀምበሩ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ወደ ገሊላ ደወለች፤ የለም። አዋሽን አለፉ፣ ሚኤሶን አለፉ። ያን መታጠፊያ ሲያልፉ አብርሆት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እቴነሽ «መኪናው አዞራት» ብላ ውሃ አቀበለቻት።

ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያ የያዙት ባጃጅ ዳገቱን ወጥቶ መንደሩን ሲታጠፍ እቴነሽ ደጇ ላይ ድንኳን አየች። ባጃጁ ሳይቆም ወረደች። ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ወገቧ ላይ አሠረችና ያን አዲስ የተሰፋ ደረቷን በሁለት እጇ መታችው።

«ወይኔ ጀምበሩ! ሳልደርስልህ ነው? ጉንፋን ነው ስትለኝ እኮ አውቄዋለሁ!»

እንግዲህ የገዛ ባሏ የሞተ መስሏታል። በስልክ የሰማችው የታፈነ ድምፁ፣ ቪዲዮው ላይ ሲከሳ ያየችው ፊቱ ታወሳት፤ ሌላ ሰው አላሰበችም። ጩኸቱን ሰምቶ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጣሪያው ላይ ያለው መዶሻ ቆመ። ጀምበሩ በጓሮ በኩል፣ እጁ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ፣ ፀጉሩ አቧራ፣ ሮጦ መጣና ፊቷ ቆመ።

እቴነሽ አየችው። ቀረብ ብላ ጉንጩን ነካችው። ሲሚንቶው ጣቷ ላይ ቀረ። ድንኳኑን ዞራ ስታይ ውስጡ አልጋዋ ነው፣ ሶፋዋ ነው፣ የተደራረበ ምንጣፍ ነው። ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«ለዕቃ ነው? አንተ ሰውዬ፣ ለዕቃ ድንኳን ትተክላለህ? ልትገድለኝ ነው? ተመስገን አምላኬ፤ ሰው አልሞተም!»

እልል አለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እልል አለች፤ የሚቀበላት ጠፋ። ያ ሁሉ ሴት ደጇ ላይ ተኮልኩሎ አንዲት ሰው እልልታዋን አልመለሰችላትም። ሹክሪያ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓሊዩ ከጣሪያው ወርዶ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«ምነው ሹክሪያ? ድኜ መጣሁ እኮ። ህሩይ የታለ? ጥሩት እስቲ። አኩርፌው ነበር፣ ዛሬ ግን ይቅር ብዬዋለሁ በሉት።»

ካህኑ የሉ፣ ሽማግሌ የለ፣ ሐኪም የለ። ያ ሁሉ ዝግጅት፣ ያ ሁሉ ምክር የት ገባ? ያን ቃል የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጀምበሩ የሲሚንቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እቴ፣ ህሩይ አልረሳሽም። ዋሽቼሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሥራ ላይ አይደለም። ቆርቆሮውን ሲያመጣልሽ መኪና ተገለበጠ። ቀብሬዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ልቧ ቀጥ እንዲል ጠበቀ። ገና ከሐኪም እጅ የወጣች ልብ ናት፤ አብርሆት ልትይዛት እጇን ዘርግታ ቆማለች። አልወደቀችም። ቀስ ብላ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና፣ «መቼ?» አለች።

«ከቀዶ ጥገናው በወጣሽ በሳምንቱ።»

ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ስልኮቹን አንድ በአንድ እያስታወሰች መሆኑን ጀምበሩ ያውቃል፤ መስኮቱን፣ ማብሪያውን፣ አላነሳም ያለችበትን ቀን። ቀና ስትል ፊቷን መለየት አቃተው።

«ጨካኝ ነው ስል፣ አፈር ውስጥ ነበር?»

«ብትገድሉኝ ይሻል ነበር» አለች፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ። «የሞተ ልጄን አስኮረፋችሁኝ።»

ለቅሶው ከዚያ በኋላ መጣ፤ እንዴት ያለ ለቅሶ! መንደሩ ህሩይን ገና ያን ቀን እንደቀበረ ሆኖ አለቀሰ። እነዚያ ልበ ድንጋይ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አገልድመው እያለቀሱ ዳገቱን ወጡ፤ አንዳንዶቹ ጀምበሩ እግር ላይ ወደቁ። ዓሊዩና ጓደኞቹ አልጋውንና ሶፋውን ከድንኳኑ አውጥተው አግዳሚ ወንበር አስገቡ። ከቦርደዴና ከሚኤሶ ህሩይ መብራት ያስገባላቸው ሰዎች ሰምተው እንደገና መጡ። ገሊላ ደርሳ እናቷን አቅፋ ተቀመጠች። እቴነሽ አዲሱ ቤት ውስጥ አልገባም አለች፤ ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሰው የፈራላት ልብ ቻለችው። የእናት ልብ ስንት እንደሚችል ሐኪም ምን ያውቃል?

ለጀምበሩ ግን ፊቷን አልመለሰችለትም። ሊቀመጥ ሲመጣ ወደ ሌላ ወገን ትዞራለች። አልወቀሰችውም፣ አልሰደበችውም፣ አላባረረችውም፤ ትዞራለች ብቻ። እሱም ገባው። ድንኳኑ ደጅ፣ የተረፈው አሸዋ አጠገብ፣ እንግዳ ሲመጣ እየተነሳ እየተቀበለ፣ ውሃ እያቀበለ ቆሞ ዋለ፣ ቆሞ ሰነበተ። ለቀስተኛው «አብሽሩ ጋሼ»፣ «እግዜር ያጥናዎ» እያለው ያልፋል። ዓይኑ ደረቅ ነበር። ከስንት ጊዜ ጀምሮ መልሶ የዋጠው እንባ አሁን ና ቢሉት መንገዱን ረስቶታል። አንድ ጊዜ ሹክሪያ በእጁ ያለውን ጆግ ልትቀበለው ብትሞክር እምቢ አላት፤ ባዶ እጁን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሰው ሲሳሳ፣ እቴነሽ ቀና ብላ ደጁን አየች። ጀምበሩ እዚያው ቆሟል። ጢሙ ሦስት ቀን ሳይላጭ አድጎ ነጭ ሆኗል፤ እንዲህ ነጭ መሆኑን አታውቅም ነበር። እጆቹን አየች። ጣቶቹ ተላጠው፣ ስንጥቅጥቅ ብለው፣ በስንጥቁ ውስጥ ሲሚንቶ ደርቆ ቀርቷል። ያን መስኮት አስፋው ያለችው እሷ ናት። የልጇን ሞት ደረቱ ውስጥ ይዞ፣ እሺ ብሎ ያስፋላት እሱ ነው። ብዙ አየችው። ገሊላን ገፋ አድርጋ ከጎኗ ምንጣፉን በመዳፏ ጠረገች።

«ና» አለችው። «ና ተቀመጥ። አንተም እኮ ልጅህ ሞቶብሃል።»

ጆጉ ከእጁ ወደቀ። ጀምበሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተንበረከከና የቀረውን እየዳኸ ደረሰ። ራሱን ጭኗ ላይ አደረገ። ያ ሽማግሌ፣ ያ ልበ ድንጋይ የተባለ ሰው፣ «ልጄን» ብሎ ሲጮህ የመንደሩ ውሻ እንኳ ዝም አለ። ልጁ ከሞተ ጀምሮ አባት ሆኖ ያለቀሰው ያን ቀን ነው። እቴነሽ ያን የሻከረ እጁን ይዛ፣ «አልቅስ፤ እኔ አልሞትም፣ አልቅስ» ትለው ነበር።

ወገኖቼ፣ ዕጣ ልጅ ስትወስድ ማንንም አታማክርም፤ በዚያ የሰው እጅ የለበትም። እኛ ግን ከሷ የተረፈውን በደግነት ስም ለያይተን እንሸከመዋለን፤ አንዱ ለአንዱ እያዘነ፣ ሁለቱም ለብቻቸው። ጀምበሩ አጠፋ ወይስ ሚስቱን አተረፈ? እኔ አልፈርድም፣ እናንተም አትፍረዱ። ስለ ቤቱ ለምትጠይቁኝ ቤቱ አልቋል፤ ሁለት ሽማግሎች ይኖሩበታል። ማታ ማታ ስለ ህሩይ ያወራሉ፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ዝም በል አይለውም።